የትኛው ካሳ? የትኛው አበበ?

ከአዲስ አበባ ማለዳ የተነሣው አውቶቡስ ጌዶ መናኸሪያ ሲደርስ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሸራውን ገለጠና በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ዕቃ አወረደ። ከረጢቱ ላይ «ለታደሰ በቀለ፣ ጌዶ» ተብሎ በወፍራም እስክሪብቶ ተጽፏል። ከሥሩ የነበረውን ስልክ ቁጥር ውሃ አጥቦታል። ረዳቱ «ታደሰ በቀለ! ታደሰ በቀለ!» እያለ ተጣራ። ካፖርት የደረበ አንድ ጎልማሳ «አቤት» ብሎ ቀረበ፤ እጁን ሳይዘረጋ ከጫኝና አውራጆቹ መካከል አንድ ወጣት «እኔም ነኝ» አለ። ከሻይ ቤቱ በረንዳ ደግሞ አንዲት ሴት ሦስተኛው ታደሰ በቀለ ወፍጮ ቤት እንደሚገኝ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

ማንም አልተገረመም። በረንዳው ላይ ተቀምጠው የነበሩ አዛውንት ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ዳኝነቱን ያዙ። «ላኪው ማነው?» ሲሉ ረዳቱን ጠየቁት። መርካቶ የምትነግድ ሴት መሆኗን፣ «ለወንድሜ ነው፣ አስተማሪ ነው» ማለቷን አስታወሰ። «እንግዲያው የፉፋ የልጅ ልጅ ነው፤ ታደሰ በቀለ ፉፋ። አንተ የዋቅጅራ ነህ፣ አንተ ደግሞ የጉዲና» አሉና አንድ ልጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ላኩ። ጎልማሳውም ወጣቱም ቅር ሳይላቸው ወደየጉዳያቸው ተመለሱ።

አዛውንቱ በአንድ አፍታ የሠሩትን ሥራ የታሪክ መጻሕፍታችን፣ መማሪያ ክፍሎቻችንና ዜና ማሰራጫዎቻችን ብዙ ጊዜ አይሠሩትም። ስም የሚጋሩ ታላላቅ ሰዎች አሉን። አንዱ ሲገን ሌላው በስሙ ውስጥ እየተዋጠ ይሄዳል፤ የአንዱ ሥራ ለሌላው ይቆጠራል፣ የአንዱ በደልም በሌላው ላይ ይለጠፋል። ሞክሼን ከሞክሼ መለየት ለሰው ሥራውን መመለስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም ይኸው እምነት ነው።

ጌዶ ራሷ ሞክሼ አላት። የምዕራብ ሸዋዋ ጌዶ ከአምቦ ጉደርን አልፎ ወደ ነቀምት በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ የፊንጫው መንገድ ከሚገነጠልበት ቦታ የተቀመጠች የጨሊያ ወረዳ የደጋ ከተማ ናት። ሌላዋ ጌዶ በደቡብ ምዕራብ ሶማሊያ ከኢትዮጵያ ጋር የምትዋሰን፣ በዶሎ በኩል ከእኛ የምትገናኝ ቆላ አስተዳደር ናት። በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱን የሚለያቸው ነገር የለም። «በጌዶ ውጊያ ተካሄደ» የሚል አርዕስት በስልኩ ላይ ያየ የአዲስ አበባ ነዋሪ እናቱ ጨሊያ ካሉ፣ ዜናውን ከፍቶ «ሶማሊያ» የሚለውን ቃል እስኪያገኝ ድረስ ያለችው ጊዜ ቀላል አይደለችም። ሜጫም እንዲሁ ነው። በቀድሞው አከፋፈል አምቦ «ሀገረ ሕይወት» በተባለችበት ዘመን የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ መራዊ አካባቢ ደግሞ ሌላ ሜጫ ይገኛል። ቦታ እንኳ አድራሻ ካልተጨመረለት ከሌላ ቦታ ጋር ይምታታል፤ ሰውማ ይብሳል።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም አለን፣ የአባት ስም ይከተላል፣ ያ ካልበቃ የአያት። መንግሥት ይህን ለመለወጥ አንድ ጊዜ ሞክሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የሆነ የግል ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ደነገገ። የቤተሰብ ስም የተባለው ግን ከሕጉ ገጽ ወርዶ ቤታችን አልገባም። ሕዝቡ ያባቶቹን ልማድ ይዞ ቀጠለ፤ ደግም አደረገ እላለሁ፤ ሰው በአባቱ ሲጠራ የማን ልጅ እንደሆነ በየቀኑ ይነገራልና። በዚህ ብቻችንን አይደለንም። አይስላንዶችም በአባት ስም ይጠራሉ፤ የስልክ ማውጫቸውን የደረደሩት በራስ ስም ፊደል ተራ ሲሆን ሞክሼዎቹ እንዳይምታቱ ከስሙ አጠገብ ሙያ ይጽፉበት ነበር።

ጌዶም ማውጫ አላት፤ የተጻፈው በሰው አፍ ላይ ነው እንጂ። ጥቁሩ ጫላ «ጫላ ጉራቻ» ነው፣ ቀዩ «ጫላ ዲማ»። ሌላው በሥራው ይታወቃል፤ ሾፌሩ፣ ግንበኛው፣ ባለ ወፍጮው። በምዕራብ ሸዋ ኦሮሞ ዘንድ ልጅ አያት ቅድመ አያቱን እየቆጠረ ወደ ላይ መውጣት ስለሚማር አንድ ስም ቢበዛ ሦስት አራት እርከን ላይ ሲደርስ መለየቱ አይቀርም። መናኸሪያው ላይ ያየሁት ዳኝነት ከዚህ የመጣ ነው።

በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳ ደግሞ ይህንኑ ሥራ የፈረስ ስም ይሠራ ነበር። ለዚህ ከካሳዎቹ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን ካናወጧት ሰዎች ሁለቱ ካሳ ይባላሉ። የመጀመሪያው የቋራው ካሳ ኃይሉ፣ የፈረስ ስሙ አባ ታጠቅ ነው። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ካሳ የሚለውን ስም ተወና ቴዎድሮስ ተባለ። ስሙን በዘፈቀደ አልመረጠውም። በፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ ፍርድ እንደሚያቀና ይነገር ስለነበር የሚጠበቀውን ሰው ስም ለራሱ ወሰደ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ የነገሠ ሌላ ቴዎድሮስ ስለነበረ «ዳግማዊ» የሚለው ተጨመረለት። ከሞክሼዎቹ ካሳዎች ሲወጣ ሌላ ሞክሼ ጠበቀው ማለት ነው።

ሁለተኛው የትግራዩ ካሳ ምርጫ፣ አባ በዝብዝ ነው። የሁለቱ ካሳዎች ዕጣ የተገናኘው በ1860 ዓ.ም. ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር የታሰሩትን እንግሊዞች ለማስፈታት ወደ መቅደላ ሲያቀና ከባሕር ወደ ደጋ የሚወጣው መንገድ በትግራይ በኩል ያልፍ ነበር። ካሳ ምርጫ መንገዱን ለቀቀ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ፣ ማለትም ዳግማዊ ቴዎድሮስ፣ እጅ አልሰጥም ብሎ በገዛ ሽጉጡ ሕይወቱን አሳለፈ። እንግሊዞች ሲመለሱ ለትግራዩ ካሳ መድፍና ጠመንጃ ትተውለት ሄዱ። እሱም በዚያ መሣሪያ በርትቶ፣ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስን በ1863 ዓ.ም. ድል ነሥቶ፣ ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ራብዓዊ ተብሎ ነገሠ። አንድ ካሳ የወደቀበት ዘመቻ ለሌላው ካሳ ዘውድ ጠረገለት። «ካሳ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ የዚያን ዘመን ወረቀት የሚያነብ ሰው አባ ታጠቅ ነው አባ በዝብዝ ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም፤ ሦስተኛም አለ። እሱ ደግሞ በራሱ ስም ብቻ ሳይሆን በአባቱም ስም ከቋራው ጋር ይገጥማል፦ ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ። የሰላሌው ገዥ፣ የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ፣ በ1928ቱ ጦርነት የሰሜኑ ጦር ዋና አዛዥ የነበሩት ናቸው። ልጆቻቸው ወንድወሰን፣ አበራና አስፋ ወሰን በ1929 ዓ.ም. በጣልያን እጅ ተገደሉ። እሳቸው እስከ 1949 ዓ.ም. ኖሩ። በካሳ ኃይሉና በካሳ ኃይሉ መካከል ያለውን ልዩነት የአባት ስም አይነግረንም። ማዕረጉ፣ ሀገሩና ዘመኑ ናቸው የሚነግሩን። አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ «ካሳ ኃይሉ መቅደላ ላይ ሞተ» የሚለውንና «ካሳ ኃይሉ ተምቤን ላይ ከጣልያን ጋር ተዋጋ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በአንድ ሳምንት አንብቦ ግራ ቢጋባ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

የፈረስ ስም በኦሮሞም ዘንድ እንዲሁ የጀግና መለያ ነበር። የወሊሶው አርበኛ ገረሱ ዱኪ «አባ ቦራ» ናቸው። ጅማ ላይማ የፈረስ ስሙ ዋናውን ስም ጭራሽ ዋጠው፤ የመጀመሪያው አባ ጅፋር ሳና፣ የኋለኛው አባ ጅፋር ቱሉ ይባሉ እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው። መለያ ሆኖ የመጣው ስም ራሱ ሞክሼ አፈራና አንደኛና ሁለተኛ መባል ግድ ሆነ። በግንጪ አካባቢ የተወለዱት፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ጫካ የገቡት ጃገማ ኬሎ ደግሞ በፈረስ ስም ፈንታ «የበጋው መብረቅ» የሚል ቅጽል ተሰጣቸው። ስማቸው ብርቅ ስለሆነ ባይሰጣቸውም ከማንም አይምታቱም ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወገድ ራስነቱ፣ ደጃዝማችነቱ፣ ፊታውራሪነቱም አብሮ ቀረ። ዓላማው እኩልነት ነበርና በዚያ አልከራከርም። ግን ከማዕረጉ ጋር አንድ የቆየ መለያ ሄደ፤ የፈረስ ስምም ከፈረሰኛው ጋር ጠፋ። በእነሱ ፋንታ ምንም አልተካንም። ዛሬ በራዲዮ የሚነገር ታሪክ ስሰማ «አበበ»፣ «መንግሥቱ»፣ «ጥላሁን» እየተባለ ይታለፋል፤ የሚያዳምጠው ልጅ የትኛው እንደሆነ በግምት ይሞላል።

1953 ዓ.ም. የገባው አበበ በሚባል ሰው ደስታ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ጥቁር አፍሪካን በማራቶን መድረክ ላይ ያቆመው ያ ምሽት ነው። ሦስት ወር አለፈ። በታኅሣሥ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ታግተው የነበሩ ሹማምንት በጥይት ተደበደቡ። ከሟቾቹ አንዱ ሌላው አበበ፣ ራስ አበበ አረጋይ፣ የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ፣ በአምስቱ ዓመት የሸዋ አርበኞች መሪ የነበሩት ናቸው። አንድ አበበ በወታደርነት ያገለግልበት የነበረው የክብር ዘበኛ አዛዥ ባስነሣው አመፅ ሌላው አበበ ሞተ። በዚያ ዓመት «አበበ» የሚለው ስም በአንድ አፍ ለእልልታም ለሙሾም ይነሣ ነበር።

መንግሥቱስ? መንግሥቱ ንዋይ መጋቢት 1953 ተሰቀሉ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ሌላ መንግሥቱ፣ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ ከደርግ መካከል ብቅ አለ። እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. በሥልጣን የቆየው ይኸኛው ነው። ዕድሜያቸው ከአርባ በታች የሆኑ ብዙ ሰዎች «የመንግሥቱ መፈንቅለ መንግሥት» ሲባል የሚመጣባቸው የኋለኛው ነው፤ የፊተኛው ለዘውዱ ሥርዓት የመጀመሪያው ከባድ መንገጫገጭ እንደነበረ፣ ተማሪው በሰላማዊ ሰልፍ እንደደገፈው ይረሳል። በሁለቱ መካከል ደግሞ በማንም ደም እጁን ያልነከረ ሦስተኛ አለ፤ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን የጻፈው ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት መንግሥቱ ለማ። የዚህን ደራሲ ስም ጠርቼ «እሱ ደግሞ ገጣሚም ነበር እንዴ?» ተብዬ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ማለታቸው እንደሆነ ሲገባኝ በጣም አዝኛለሁ።

ሁለቱ ጥላሁኖችም በዚያው ዘመን የበቀሉ ናቸው። በወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት የተማረው፣ በኋላ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የገነነው ጥላሁን ገሠሠ አንዱ ነው። ሌላው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረውና በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. በጥይት የተገደለው ጥላሁን ግዛው ነው። ዘፋኙ ጥላሁን ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ያህል ዘፍኖ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ ሀገር አለቀሰለት። የተማሪው መሪ የሚነሣው በትውልዱ መካከል ብቻ ሆኗል።

ወደ ውጭ አገር የተሻገረ ስም ሌላ ችግር ይገጥመዋል። አውሮፓ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ የሮምን ጎዳና የሮጠው ልጅ በየጋዜጣው «ቢቂላ» ሆነ። አባቱ ቢቂላ ደምሴ አንድም ማራቶን ሳይሮጡ ስማቸው በዓለም ናኘ፤ አንድ የውጭ ኩባንያ ጫማውን «ቢቂላ» ብሎ ሰይሞ ቤተሰቡ ፍርድ ቤት እስከ መሄድ ደርሷል። የእኛው የወለንኮሚ ልጅ፣ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተሸለመው ገቢሳ ኤጄታ በአሜሪካ «ፕሮፌሰር ኤጄታ» ነው። ወለንኮሚ ላይ ግን ኤጄታ አባቱ ናቸው።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ከሞክሼ አላመለጡም። በ1890ዎቹ መጨረሻ በእነሱ አቆጣጠር ዊንስተን ቸርችል የሚባል አሜሪካዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ ከእንግሊዛዊው ወጣት ዊንስተን ቸርችል በዝና ይበልጥ ነበር። ሁለቱ ደብዳቤ ተጻጻፉና እንግሊዛዊው «ስፔንሰር» የሚለውን ስሙን በመካከል አስገብቶ ሊፈርም ተስማማ። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆንም ልማዱን አልተወውም። ዛሬ የሚታወሰው ያኔ ቦታ የለቀቀው ነው፤ የልብ ወለድ ጸሐፊው በሞክሼው ተውጧል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ጠላትና ወዳጅ አንድ ስም የያዙበት ነው። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ጣልያን ትግራይን ሲወር የንጉሠ ነገሥቱ አማች የነበረው ደጃዝማች ለወራሪው አደረ። ስሙ ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ነው። «ኃይለ ሥላሴ ለጣልያን ገባ» የሚለውን ወሬ ያለ አባት ስም መናገር ያኔ የማይታሰብ ነበር። «ጉግሣ» የምትለው አንዲት ቃል አገር ከዳተኛውን ከንጉሠ ነገሥቱ ለየች። ያ ትውልድ የአባትን ስም ዋጋ ያውቅ ነበር።

ጳጳሳት ሲሾሙ ከቅዱሳን ስም ስለሚሰየሙ ሞክሼነት በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ነው። በ1874 ዓ.ም. ለዐፄ ዮሐንስ ከግብፅ ከመጡት አራት ጳጳሳት አንዱ አቡነ ጴጥሮስ ይባሉ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስ ወደ ሸዋ ወደ ምኒልክ ሲሄዱ እሳቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ቀሩ። ኢትዮጵያዊው አቡነ ጴጥሮስ፣ የፍቼ ልጅ፣ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። በሐምሌ 1928 የራስ ካሳ ልጅ አበራ ካሳና ሌሎች አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሲገቡ አቡኑ ከአርበኞቹ ጋር ነበሩ። ሐምሌ 22 ቀን ጣልያን በጥይት ደብድቦ ገደላቸው። የፊተኛው ጴጥሮስ ዛሬ የሚታወቁት በታሪክ ተማሪዎች ዘንድ ነው፤ የኋለኛው ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ ሐውልቱም ለባቡር ሥራ ተነሥቶ ወደ ቦታው ሲመለስ ሕዝቡ በስስት ጠብቆታል።

አቡነ ጴጥሮስ ከተገደሉ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አምቦ አጠገብ ቦዳ ላይ አንድ ልጅ ተወለደ። ፀጋዬ ገብረ መድኅን ቀዌሳ። ልጁ አድጎ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ጻፈ፤ አቡኑ ያለፉባትን ሰዓት ለትውልድ አስቀረ። ስለ ቋራው ካሳም «ቴዎድሮስ»ን ደረሰ። በ13 ዓመቱ ተማሪ ሳለ በአምቦ ያዘጋጀውን ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ አይተውለታል። የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ ቺካጎ፣ ከዚያ የለንደን ቲያትሮች፤ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። «ሀሁ በስድስት ወር»፣ «እሳት ወይ አበባ»፣ ከሼክስፒር የመለሳቸው «ሐምሌት»፣ «ማክቤዝ»፣ «ኦቴሎ»። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አረፈና አስከሬኑ መጥቶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። የአምቦ ሰው ፀጋዬ ሲል የእኔ የሚል ኩራት በድምፁ ይሰማል፤ ይገባዋልም።

ሌላ ፀጋዬ ገብረ መድኅን አለ። ስሙ ሙሉ በሙሉ ይገጥማል፤ የራስም፣ የአባትም። የኢሕአፓ አመራር አባል ነበር፤ ጓዶቹ «ደብተራው» ብለው ለዩት፣ ዛሬም «ፀጋዬ ደብተራው» ብለው ነው የሚያነሡት። ከተማው ሲከብደው ከድርጅቱ ጋር በጫካ ኖረ። በ1983 ዓ.ም. የኢሕአዴግ ጦር በሰሜን ምዕራብ የኢሕአፓን ሠራዊት ሲያጠቃ ከተያዙት መካከል ነበር። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ፍርድ ቤት አልቀረበም፤ ለቤተሰቡ አስከሬን አልተሰጠም።

ሁለቱን ፀጋዬዎች ሳስብ ነገሩ እጅግ ያሳስበኛል። ባለቅኔው «ሎሬት» የሚል መለያ አለው፤ ባይኖረውም መጻሕፍቱ ይለዩታል። ደብተራውን ከመረሳት የሚያድነው ያች አንዲት ቅጽል ናት። «ፀጋዬ ገብረ መድኅን» ብሎ በስልኩ ላይ የሚፈልግ ወጣት የሚያገኘው በመቶ የሚቆጠር የአምቦውን ባለቅኔ ገጽ ነው። አካሉ የጠፋበት ሰው በስሙም ሊጠፋ ነው። ባለቅኔውን ከልቤ ስለምወደው የእሱ ስም የሌላ ሰው መቃብር እንዲሆን አልፈልግም።

መንግሥት ለሞክሼ ችግር መፍትሔ አግኝቻለሁ ይላል፤ በቢሮ በኩል እውነቱን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የጸናው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ወስዶ ለእያንዳንዱ ሰው 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። ሦስቱም የጌዶ ታደሰዎች ባንክ ቢሄዱ ከእንግዲህ አይምታቱም። ትልቅ ነገር ነው። ቁጥሩ ግን ወደ ኋላ አይሄድም፤ ለሞቱት አይሰጥም። ለካሳዎቹ፣ ለአበበዎቹ፣ ለፀጋዬዎቹ የሚያስፈልገው የአያት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ማዕረግና ሥራ ነው። መማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው «ካሳ ኃይሉ (አባ ታጠቅ፣ ቋራ)» እና «ራስ ካሳ ኃይሉ (ሰላሌ)» ብሎ መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጅበታል? የቤተ መጻሕፍት ካርድ ላይ «ቀዌሳ» የምትለውን ስም መጨመር ከባድ ነው? የአምቦ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የወረዳው ትምህርት ቤቶች ይህን በራሳቸው መጀመር ይችላሉ፤ የአካባቢው አዛውንቶችም ስልቱን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል።

ስለ ደብተራው ፀጋዬ ግን ካርዱን የሚሞላው ሰው ገና አልተጠየቀም። አብረውት ጫካ የነበሩት፣ አብረውት የተያዙትና በኋላ የተፈቱት፣ በዚያ ወር ያንን ግንባር ያዝዙ የነበሩት አብዛኞቹ ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጥቂቶቹ አዲስ አበባ፣ ጥቂቶቹ ዋሽንግተንና ስቶክሆልም ይኖራሉ። ማን እንደነበረ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ መጨረሻ የታየው የት ቦታና በማን እጅ እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የታሪክ ተመራማሪዎች፣ ጋዜጠኞች፣ ዘመዶቹም እነዚህ ሰዎች በሕይወት እያሉ ድምፃቸውን ቀርጸው ሊይዙ ይገባል፤ የሚነገረውም በዚያው በሙሉ ስሙ ይመዝገብ፦ ፀጋዬ ገብረ መድኅን፣ ደብተራው።